ለማህፀኔ ዋስ ይዤ ወደ አሌክሳንድሪያ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ረቡዕ ጠዋት

እናቴ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እያለች ነው ያሳደገችኝ። ስለዚህ በዚህ ጉዞ ማንንም ሳልጠረጥር የሄድኩ አላስመስልም። ጸጉር ሠሪዬን ሶስናን ጠርጥሬያለሁ፤ ኤጀንሲውን ጠርጥሬያለሁ፤ ባሌን ተስፋዬን ጠርጥሬያለሁ። መኪና የነዱልኝን እትዬ ብርቅነሽን እንኳ አልማርኳቸውም።

የሄድኩበት ጉዳይ ይህ ነው። እዚሁ አሜሪካ፣ ከወንዙ ማዶ ባለችው አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ መውለድ ላልቻሉ ባልና ሚስት ልጃቸውን በማህፀኗ ተሸክማ የምትወልድላቸው ሴት የሚያፈላልግ ኤጀንሲ አለ። ለሴትየዋ ይከፈላታል። ጽንሱ የእሷ ሥጋ አይደለም፤ እንቁላሉ የሚስትየዋ፣ ዘሩ የባልየው ነው፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ተዋህዶ ነው ወደ እሷ የሚገባው። ይህን ሁሉ ያስረዳችኝ ሶስና ናት፤ ጸጉሬን እየጎነጎነች።

«አንዲት ደንበኛዬ እንደዚህ አድርጋ ነው ቤት የገዛችው» አለችኝ። «ሰላም ሙች፣ አንቺ ጤነኛ ነሽ፣ ወልደሻል፣ አታጨሺ፣ አትጠጪ። ምናለ አፕላይ ብታደርጊ?»

እሷስ ለምን አፕላይ አታደርግም አልኩ በሆዴ። ጭንቅላቴ በእጇ ስለነበረ ግን ዝም አልኩ።

ሥራዬ ሆም ኬር ነው። ሮክቪል አንዲት አሮጊት አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ ከአልጋ አነሳለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሌላ ቦታ ሺፍት አለኝ። ነርሲንግ ልማር ካልኩ ሺፍት መቀነስ አለብኝ፤ ሺፍት ከቀነስኩ ሬንቱ አይሞላም። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ልጃችን ማክዳ ስምንት ሞልቷታል። አንድ ቀን ሲመረኝ አፕላይ አደረግኩ።

ከኤጀንሲው ኮል ያደረገችልኝ ሴት «ስትመጪ ከጎንሽ የሚቆም አንድ አዋቂ ሰው ይዘሽ ነይ» አለችኝ። ዋስ ማለቷ ነው አልኩ። አዲስ አበባ ገንዘብ ያዥ ሆኜ ስቀጠር አጎቴ ደመወዙን አስይዞ ነው ዋስ የሆነኝ። የመሥሪያ ቤት ሣንቲም ለመያዝ ዋስ ከተጠየቅኩ፣ የሰው ልጅ ለመያዝማ እንዴት አልጠየቅ? ባል ለሚስቱ ዋስ አይሆንም፤ ተስፋዬም ያለችው ሰው የሚያመላልስባት ካምሪ ብቻ ናት። ከምናውቃቸው ሰዎች የራሳቸው ቤት ያላቸው እትዬ ብርቅነሽ ናቸው።

እትዬ ብርቅነሽ በአዲስ አበባ የእናቴ ጎረቤት ነበሩ፤ አሜሪካ ስመጣም የተቀበሉኝ እሳቸው ናቸው። ሰባን ያለፉ፣ ከሆቴል ሥራ ጡረታ የወጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። ልጅ የላቸውም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «ልጅ ጠልታ ነው» የሚሏቸው አሉ። ነገሩን ስነግራቸው ይቆጡኛል፣ ወደ ንስሐ አባቴ ይጎትቱኛል ብዬ ነበር። ጭራሽ ሳልጨርስ «እሺ፣ እኔ እወስድሻለሁ» አሉ። ያ የፈጠነ እሺታቸው ሳይቀር አስጠረጠረኝ፤ ቅዳሴ ላይ ሊያወሩት ይሆን?

ጠዋት ተስፋዬ ወደ ሥራ ከመውጣቱ በፊት ኮቱን ከቁም ሣጥኑ ሲጎትት የማክዳ የሕፃንነት አልጋ እግሩ ላይ ወደቀ። ተፈታትቶ እዚያ ከቆመ ስንት ዓመቱ።

«ይሄን ነገር ለሰው እንስጠው፣ ቦታ ብቻ ይዞ» አለ እግሩን እያሸ።

«ሲመቸኝ አየዋለሁ» አልኩት።

«እሺ። ደግሞ እዚያ ስትደርሺ ስንት እንደሚከፍሉ ቁርጡን ይንገሩሽ።»

ይኸውላችሁ! ሚስቱ የሰው ልጅ ልትሸከም ስትሄድ አፉ ላይ የመጣው ስንት ነው። «አንቺ ከፈለግሽ ደስ ይለኛል» ሲል ነበር የሰነበተው። ደስታው ለእኔ ይሁን ለገንዘቡ አላወቅኩም፤ ማታ ስመለስ የመጀመሪያ ጥያቄው ምን እንደሚሆን ግን እምላለሁ።

ቤልትዌይ ላይ

እትዬ ብርቅነሽ በአሮጌ ኮሮላቸው መጡ። የሰንበት ኮታቸውን ለብሰዋል፣ ጸጉራቸውን በሻሽ አስረዋል። ከጆርጂያ አቬኑ ወደ ቤልትዌይ፣ ከተማውን ወደሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ስንገባ ፍሬኑ ሲጮህ ጥርሴን ነከስኩ።

«እትዬ፣ ይሄ ፍሬን አያስፈራም?»

«ይጮሃል እንጂ ይይዛል» አሉ።

የቀኝ መስመራቸውን ይዘው ቀስ ብለው ይነዳሉ። ትልልቅ የጭነት መኪኖች ጥሩምባ እየነፉብን ያልፋሉ፤ እሳቸው «ሂድ፣ መንገዱን ሰጥቼሃለሁ» እያሉ ይመርቋቸዋል። ኋላ ወንበር ላይ የፕላስቲክ ፎልደር አየሁ።

«እሱ ደግሞ ምንድነው?»

«የቤቴ የግብር ወረቀትና የጡረታ ደብዳቤዬ ነው።»

«ኧረ እትዬ! ይሄን ሁሉ?»

«ዋስ ሁኚኝ አላልሽም እንዴ? ባዶ እጁን የሚሄድ ዋስ የት አለ?» ቀጥለውም፣ «ልጁ አንድ ነገር ቢሆን ቤቴን ይወስዱታል?» አሉኝ።

«እኔ እንጃ። ጠይቀን ነው የምናውቀው።»

«ይውሰዱት እንግዲህ» አሉ። «ለማን ላወርሰው።»

ቤቱን እንዲህ በቀላሉ የሚሰጥ ሰው አይቼ አላውቅም። አሮጊቷ አንድ የሚያውቁት ነገር አለ ብዬ ከጎን አየኋቸው፤ እሳቸው ግን ዓይናቸውን ከመንገዱ አላነሱም።

ወንዙ ጋ ስንደርስ ሰማዩ ተከፈተ። በስተግራ፣ ሰው አሳፍሮ የሚዞረው ትልቁ የመዝናኛ ክብ ቆሟል፤ ጠዋት ስለሆነ አይዞርም። ፖቶማክ ከድልድዩ ሥር ሰፍቶ፣ ደፍርሶ ይሄዳል። ድልድዩ መሃል ላይ ሆዴን ያዝኩት፤ ምንም የለበትም፣ ዝም ብዬ ያዝኩት። አንድ ዓመት ሙሉ ይሄን መንገድ ለሐኪም እመላለስበታለሁ ማለት ነው አልኩ።

አሌክሳንድሪያ

ኤጀንሲው ያለው በድሮው ሰፈር፣ የእግረኛ መንገዱ ሁሉ ጡብ በሆነበት ነው። ፓርኪንግ አሥራ ሁለት ዶላር ወሰደብን። እትዬ ብርቅነሽ «ለቆመ መኪና!» እያሉ ደረጃውን ወጡ።

እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ በሙሉ የሕፃናት ፎቶ ነው። የሚስቁ አባቶች፣ የሚያለቅሱ እናቶች፣ በብርድ ልብስ የተጠቀለሉ ቀያይ ሕፃናት። ተሸክማ የወለደችውን ሴት ፈለግኩ። አንዷም የለችም። ይህን በልቤ መዝግቤ ገባሁ።

የተቀበለችን ሊንዳ ትባላለች፤ ኮል ያደረገችልኝ እሷ ናት። ጸጉሯ የሸበተ፣ ጫማዋ ዝርግ የሆነ፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። የቅቤ ብስኩት አቀረበችልን፤ ረቡዕ ስለሆነ እንጾማለን አልናት። ሳትከፋ ውሃ አመጣች። ከዚያ እትዬ ብርቅነሽ ፎልደሩን ከፍተው የቤታቸውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ።

ሊንዳ ወረቀቱን አየችው፣ እኛን አየችን። «ይሄ ምንድነው?»

«ዋሷ ነኝ» አሉ እትዬ ብርቅነሽ ሆቴል ሲሠሩ በለመዱት እንግሊዝኛ። «ብትጠፋ፣ ልጁን አልሰጥም ብትል፣ የምትይዙት ቤት ነው።»

ሊንዳ አልሳቀችም። እሷ ብትስቅ ኖሮ ተነስቼ እሄድ ነበር። ወረቀቱን አጥፋ መለሰችላቸው። «ቤትዎን አንፈልግም፤ እርስዎን ነው የምንፈልገው» አለች። «ሌሊት ቢያማት ማን ይነዳል? ሆስፒታል ስትተኛ ልጇን ማን ይይዛል? ያን ሰው ነው ይዘሽ ነይ ያልኳት።»

እትዬ ብርቅነሽ ትንሽ ቅር አላቸው፤ ቤታቸው መናቁ ነው መሰለኝ። ወረቀቱን እያስገቡ፣ «ለእሷስ ዋሷ ማነው?» አሉ።

«ጥሩ ጥያቄ ነው» አለች ሊንዳ፤ እኔ ደግሞ ጥሩ ጥያቄ ነው ሲሉኝ ሁልጊዜ እጠረጥራለሁ። ገና መድኃኒት ሳልጀምር ባልና ሚስቱ ገንዘቡን በሙሉ ሦስተኛ ወገን ዘንድ ያስቀምጣሉ አለች። እነሱም ኤጀንሲውም አይነኩትም፤ በውሉ መሠረት ለእኔ በየጊዜው ይወጣል። የሕክምናው ኢንሹራንስ በእነሱ ነው። ውሉን የሚያነብልኝ ሎየርም ይኖረኛል።

«ሎየሩን የሚከፍለው ማነው?» አልኩ።

«እነሱ። ግን የምትመርጪው አንቺ ነሽ፤ የሚሠራውም ለአንቺ ብቻ ነው። የእነሱ ሌላ ነው።»

«እነሱ እየከፈሉት ለእኔ ይከራከራል?»

«ካላመንሽው ሌላ ለውጪ። ሎየርሽ ሳይስማማ ማንም አያስፈርምሽም።»

ክፍያውን ጠየቅኩ። መነሻው እንደ እኔ ላለች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትሸከም ሴት አርባ አምስት ሺህ ዶላር ነው አለች። በአንድ ጊዜ አይመጣም፤ የጽንሱ የልብ ምት ከተሰማ በኋላ በየወሩ ተከፋፍሎ ነው። ከዚያ በፊት ላሉት ሳምንታት፣ መርፌው ሲጀመርና ጽንሱ ሲገባ፣ ትንሽ ትንሽ አለ። ሐኪም ተኚ ካለኝ የቀረው ደመወዜ ይተካል፤ መንታ ከሆነ ይጨመራል፤ በኦፕሬሽን ከወለድኩ ይጨመራል። ጽንሱ ካልቆየስ አልኳት። እስከዚያ ቀን የደረሰልሽን ትወስጃለሽ፣ የቀረው ይቀራል አለች፤ ድምጿን ሳታለሳልስ።

«ሶስና የምትባል ጸጉር ሠሪ ታውቂያለሽ?»

ኮምፒውተሯን አየች። «አዎ፣ ስምሽን የሰጠችን እሷ ናት። ሥራው ከተሳካ የምስጋና ክፍያ አላት።»

አላልኩም! እትዬ ብርቅነሽን በክርኔ ነካኋቸው። አቤት ሶስና፣ እየጎነጎነች ስትሸጠኝ ነው የዋለችው። አንዱ ጥርጣሬዬ ሲያዝ እንዴት ደስ እንዳለኝ አትጠይቁኝ።

«ሆዴ ሲገፋ ለቤተ ክርስቲያን ሰው ምን እላለሁ?» አልኳት ቀጥዬ።

«እውነቱን ንገሪያቸው።»

እኔና እትዬ ብርቅነሽ ተያይተን ሳቅን። ለማን ነው እውነት የሚነገረው? አራስ ጥየቃ ገንፎ ይዘው ለሚመጡትና ሕፃኑን አሳዩን ለሚሉት? ሊንዳ ሳቃችን እስኪያልቅ ጠበቀችን።

ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ፣ «አፕላይ ስታደርጊ ጽፈሻል፤ ግን ከአፍሽ ልስማው» አለች። «ቤተሰብሽን ጨርሰሻል? ሌላ ልጅ አትፈልጊም?»

«ጨርሻለሁ።»

ጥያቄው ሳያልቅ ነው የመለስኩት። እትዬ ብርቅነሽ ውሃቸውን አነሱ፣ ሳይጠጡ መልሰው አስቀመጡት። ከዚያም ቀጥ ብለው ሊንዳን አዩዋት።

«ማህፀኗ ቢሄድስ?» አሉ።

እኔ እኮ የክፍያውን ዝርዝር ሁሉ ስጠይቅ ይህን አልጠየቅኩም። ሊንዳ ትከድነዋለች ብዬ ጠበቅኩ። አልከደነችውም። «በብዛት የሚደርስ አይደለም» አለች። «ግን ይደርሳል። ስትወልድ ደሙ አልቆም ካለ ነፍሷን ለማዳን ማህፀኑ ይወጣል። እንደዚያ ከሆነ ውሉ ላይ አምስት ሺህ ዶላር ይጨመርላታል። ጨርሰሻል ወይ ብዬ የምጠይቀውም ለዚህ ነው።»

ቀኑን ሙሉ የሚደብቁኝን ነገር ሳድን ውዬ፣ ሴትየዋ ፊት ለፊት ዘርግታ አስቀመጠችልኝ። የተስፋዬ አሮጌ ካምሪ እንኳ ከአምስት ሺህ በላይ ታወጣለች። አስቤ ልደውል ብያት ወጣን።

ምሳ

ወደ ምዕራቡ የከተማው ጫፍ ነድተን አንድ የሐበሻ ቤት ገባን። በያይነቱ አሥራ ስምንት ዶላር፣ ለሁለት የሚበቃ። ጎመኑ ጥሩ ነበር፤ ሽሮው ቀጥኗል። እትዬ ብርቅነሽ አንዴ ጎርሰው አቆሙ።

«አምስት ሺህ አለች አይደል?»

«አዎ እትዬ።»

«የእኔ በነፃ ነው የሄደው» አሉ።

አልገባኝም። ቀና ብዬ አየኋቸው።

«ማን ይናገር የነበረ። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፣ አዲስ አበባ። ምጡ ሁለት ቀን ፈጀ። ልጁ ሞተ፤ ደሙ አልቆም አለ። ስነቃ ልጁም የለም፣ ማህፀኔም የለም። አንዲት ነርስ በር ላይ ቆማ ነግራኝ ሄደች። ባሌ ክፍለ ሀገር ነበር፤ እናቴ ሞታለች። አጠገቤ ሰው አልነበረም።» በእንጀራው ጫፍ ምስሩን ሰብስበው አልበሉትም። «ልጅ ጠልታ ነው ይላሉ አይደል? ይበሉ። እኔም እንደዚያ ቢሉ ይሻለኛል ብዬ ዝም አልኩ።»

አፈርኩ። እኔም እኮ ከሚሉት ጋር ባልልም፣ ሲሉ ሰምቼ ጸጥ ያልኩ ነኝ።

«ለዚህ ነው እሺ ያሉኝ?»

«ልከለክልሽ አልመጣሁም። የሰው ልጅ መሸከም ነውር አይደለም፤ ያኔ እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር እኔም የሰው በር አንኳኳ ነበር። ያን ወሬ ስትሰሚ ግን አጠገብሽ ሰው ይኑር ብዬ ነው።» ከዚያ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው፣ «ጨርሻለሁ ስትያት ምን አስቸኮለሽ?» አሉኝ።

እንባዬ ሽሮው ላይ ተንጠባጠበ። ማክዳን በኦፕሬሽን ከወለድኩ በኋላ ዘንድሮ፣ ከርሞ እያልኩ ነው ስምንት ዓመት የሄደው። ሬንት፣ ሺፍት፣ ትምህርት፤ ሁሌ አንድ ነገር አለ። ይሄን ውል ብፈርም ደግሞ ተዘጋጅቼ፣ ወልጄ፣ አገግሜ አርባ እጠጋለሁ። አልጋውን ለሰው የማልሰጠው ለምን እንደሆነ ለራሴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም ነበር። ለእትዬ ብርቅነሽ ተናገርኩት። እሳቸውም «ጉረሺ፣ ይቀዘቅዛል» ብለው አጎረሱኝ።

መልስ

ቤልትዌይ ተጨናንቆ ሲልቨር ስፕሪንግ እስክንደርስ ጀንበር ልትጠልቅ ደረሰች። ቤቴ ደጃፍ ሲያወርዱኝ «የፈለግሽውን አድርጊ፤ ዋስነቴ እንዳለ ነው» አሉኝ።

ተስፋዬ ፓስታ እየቀቀለ ነበር። ማክዳ ከሶፋው ሳትነሳ በእንግሊዝኛዋ ሃይ አለችኝ። ባሌ ዘወር አለና፣ «እህ፣ ስንት አሉ?» አለኝ።

አላልኩም? «አርባ አምስት ሺህ» አልኩት። አፏጨ። «ማህፀኔ ከሄደ ደግሞ አምስት ሺህ ይጨመራል።»

ምድጃውን አጠፋው። «ከሄደ ማለት? የት ነው የሚሄደው?»

የሰማሁትን ሁሉ ነገርኩት። «ጨርሰሻል ወይ ብለውም ጠየቁኝ።»

«ምን አልሽ?»

«ጨርሻለሁ አልኩ።»

ራሱን ነቀነቀ። ወደ መኝታ ቤት ሄደ፤ ቁም ሣጥኑ ሲከፈት ሰማሁ። የአልጋውን እንጨቶች በሁለት እጁ ታቅፎ ወጣ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ለሰው ልሰጠዋ። ጨርሻለሁ ካልሽ ምን ያደርግልናል?» ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ነው የሚናገረው። «ከዚያ ኦፕሬሽን በኋላ የሌላ ልጅ ነገር አንድ ቀን አንስተሽ አታውቂም። እኔም እንዳላስጨንቅሽ ዝም አልኩ። አልጋውን ባየሁት ቁጥር ግን ሆዴ ይባባል፤ ከቤት ይውጣና ይቁረጥልኝ ብዬ ነው።»

ስንት ስንት ይል የነበረው ባሌ ነው ይህን የሚለው። «አንተ ትፈልጋለህ እንዴ?»

«ያምሻል እንዴ ሰላም? ጨርሻለሁ ያልሽው እኮ አንቺ ነሽ!»

«መልሰው» አልኩት።

«ምኑን?»

«አልጋውን። ወደ ቦታው መልሰው አልኩህ።»

እንጨቱን እንደታቀፈ ቆሞ ቀረ። ማክዳ ከሶፋው ተነስታ ምን ሆናችሁ ብላ ታየን ጀመር።

በማግስቱ ለሊንዳ ኮል አድርጌ አልጨረስኩም አልኳት። «ከመፈረምሽ በፊት ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ፤ ስትጨርሺ ስልኬን ታውቂዋለሽ» አለች። እሷን በመጠርጠሬ አላፍርም፤ ገላውን ለውል የሚያቀርብ ሰው ጠይቆ፣ አገላብጦ መሄድ አለበት። ግን ሁሉንም ስጠረጥር «ጨርሻለሁ» የምትለዋን የራሴን አፍ አልጠረጠርኳትም። ጉዞው ያስተማረኝ እሷን ነው። ሬንቱ እንዳለ ነው፤ ነርሲንጉን በአንድ ኮርስ እጀምረዋለሁ ብያለሁ። ለሶስና ግን ገና አልነገርኳትም፤ ትንሽ ትጠብቅ።

ለእትዬ ብርቅነሽ ደወልኩላቸው።

«ታዲያ ዋስነቴ ቀረ?» አሉ፤ ድምጻቸው ወረደ።

«አልቀረም እንጂ። እግዜር ካለ እኛው ልንወልድ ነው። ሌሊት ሲያመኝ የሚነዳ፣ ማክዳን የሚይዝ ሰው ያስፈልገኛል።»

«ወረቀቱን ላምጣ?»

«ቤትዎን አንፈልግም እትዬ። እርስዎን ነው።»

መስመሩ ላይ ድምጻቸው ጠፋ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ፣ ሃሎ አልኩ።

«አለሁ» አሉ። «እንግዲያው ይሄን ፍሬን ላሠራው።»